በወረፋ ላይ ላለ ጽሑፍ የማተሚያ ትእዛዝ ስለ መጨመር

በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ሰዓት የተሰጠ



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የቢሮ ጸሐፊ ሥራ ብቻ የሚመስል ነው። ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ዓለም ፖለቲካ ለመስማት የመጣ ሰው ቢኖር ይቅርታውን እንለምናለን፤ እኛ የመጣነው ስለ ማተሚያ መኪና ልንናገር ነው። ነገር ግን ከመካከላችን የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ወረፋ ቆሞ፥ ገንዘቡን ከፍሎ፥ ወረቀቱ በአንድ ገጹ ብቻ ታትሞ፥ ወይም መስመሩ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየወረደ ወጥቶ ያልተናደደ ማን ነው? የተናደደውም ሰው ሁሉ የሚወቅሰው መኪናውን ነው። እኛ ግን ለመኪናው ጥብቅና ለመቆም መጥተናል። መኪናው የታዘዘውን አድርጓል፤ ያልታዘዘውንም አላደረገም። ጥያቄው ማን አዘዘው፥ ትእዛዙስ በየት በኩል ገባ የሚለው ነው።

ይኸ ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ በመካከላችን ከሚነገር ከአንድ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎች ከየራሳቸው ኮምፒዩተር ወደ ማተሚያ ክፍሉ ወረፋ ጽሑፍ መላካቸው ቀርቶ፥ ሁሉም ፋይሉን በፍላሽ ይዞ እየመጣ በአንድ ጸሐፊ እጅ ብቻ ይታተምለት የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛው የፈተና ወረቀት ምሥጢር መጠበቅ አለበት የሚል ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው እንግዳ ትእዛዝ እያስገባ የመኪናውን ጠባይ ይለውጣል የሚል ነው። ሁለቱም ምክንያቶች በንቀት የሚታለፉ አይደሉም። ለመመለስ ግን በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወረፋው ራሱ ከየት መጣ? ኮምፒዩተር ፈጣን ነው፤ ማተሚያ ደግሞ ብረትና ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ስለ ሆነ ዘገምተኛ ነው። አይ ቢ ኤም በ1959 ካስተዋወቀው 1401 ከሚባለው ኮምፒዩተር ጋር የወጣው 1403 የሚባለው ማተሚያ በደቂቃ 600 መስመር ያትም ነበር። ይኸ በጊዜው የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው፤ ቢሆንም ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ መስመር ታትሞ እስኪያልቅ ቢጠብቅ ኖሮ አብዛኛውን ቀኑን በመቀመጥ ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ የሚታተመው ጽሑፍ በመጀመሪያ በቴፕ ላይ፥ በኋላም በዲስክ ላይ እንዲቀመጥና ማተሚያው በራሱ ጊዜ እየወሰደ እንዲያትም ተደረገ። ይኸው አሠራር ስፑል ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ክር ወይም ቴፕ የሚጠቀለልበት ማለት ነው። በ1960ዎቹ በሂውስተን ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለናሳ ሥራ የተዘጋጀው ሃስፕ የሚባለው ፕሮግራም በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። እኛ በዚህ ንግግር ስፑሉን በአጭሩ ወረፋ እንለዋለን፤ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነውና።

አሁን ልብ በሉ። ጽሑፉ በወረፋ ውስጥ ሲቀመጥ አሳታሚው ሰው ከመኪናው አጠገብ የለም። ቁልፍ ሊጫንለት አይችልም። እንግዲህ «እዚህ ላይ አዲስ ገጽ ጀምር» ለማለት የፈለገ ሰው ትእዛዙን ከጽሑፉ ጋር አብሮ መላክ ግድ ሆነበት። የጥንቱ ዘዴ የሚያስቅም የሚያስደንቅም ነው። የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ፊደል አይታተምም፤ ትእዛዝ ነው። ባዶ ቦታ ከሆነ ወረቀቱ አንድ መስመር ይሄዳል፤ 0 ከሆነ ሁለት መስመር ይሄዳል፤ 1 ከሆነ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል፤ የመደመር ምልክት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ሳይንቀሳቀስ በፊተኛው መስመር ላይ ተደርቦ ይታተማል። በፎርትራን ቋንቋ ፕሮግራም የጻፉ የቀድሞ ሰዎች ይኸንን ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ይኸንን ልማድ የማያውቅ ወረፋ ግን የመጀመሪያውን ፊደል እንደ ተራ ጽሑፍ ይቈጥረዋል፤ ከዚህም የተነሣ በየገጹ መጀመሪያ ላይ ትርጕም የሌለው 1 ታትሞ ይወጣል፥ ገጹም አይሻገርም። ከ60 ዓመት በላይ ያለፈው ይኸ ስሕተት የዛሬው ችግራችን ሁሉ አባት ነው። አንዱ ትእዛዝ ብሎ የላከውን ሌላው ጽሑፍ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ወይም የዚህ ተቃራኒ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ እስከ ዛሬ ያለው ነው። አስኪ የሚባለው የፊደል ቍጥር ሠንጠረዥ ለ27ኛው ቍጥር ኤስኬፕ የሚል ስም ሰጠው፤ ማምለጫ እንደ ማለት ነው። ይኸ ምልክት እንዲገባ ያሳሰበው ቦብ ቢመር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ትርጕሙም «ከኔ ቀጥሎ የሚመጣውን እንደ ጽሑፍ አትየው፤ ትእዛዝ ነው» ማለት ነው። መኪናው 27ን ባየ ጊዜ ከማተም ወደ መስማት ይመለሳል።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ከ27 ቀጥሎ የሚመጣው ምን ማለት እንደ ሆነ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ወሰነ። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። 27 እና ከእርሱ ቀጥሎ 69 ቢላክ፥ ዶት ማትሪክስ ለሚባለው ለኤፕሰን ባለ መርፌ ማተሚያ «ከዚህ ወዲያ አድምቀህ ጻፍ» ማለት ነው። ይኸው 27 እና 69 የሒውሌት ፓካርድን ፒ ሲ ኤል ለሚናገር ሌዘር ማተሚያ ደግሞ «የታዘዝከውን ሁሉ ርሳና እንደ አዲስ ጀምር» ማለት ነው። አንዱን ርእስ ለማድመቅ ብሎ የጻፈ ሰው ፋይሉን ወደ ሌላው መኪና ቢልከው ገና በርእሱ ላይ የጽሑፉን አቀማመጥ ሁሉ ያፈርሰዋል። መኪናውም ፈጽሞ አልተሳሳተም።

የደረጃው ነገርም እንደዚሁ ነው። የጽሕፈት መኪና ያየ ሰው እንደሚያውቀው መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ አለ፤ ሠረገላውን ወደ ግራ መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ማድረግ። የመጀመሪያው ቍጥር 13፥ ሁለተኛው 10 ነው። ዊንዶውስ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ሊኑክስና ዩኒክስ ግን 10ን ብቻ ይጽፋሉ። ስለዚህ ከሊኑክስ የመጣ ተራ ጽሑፍ ሳይታረም ወደ መኪናው ሲሄድ ወረቀቱ ይወርዳል፥ ሠረገላው ግን አይመለስም፤ ጽሑፉም ወደ ቀኝ እየወረደ ከወረቀቱ ዳር ይጠፋል። ፒ ሲ ኤል ለሚያውቅ መኪና 27፥ 38፥ 107፥ 50፥ 71 የሚሉትን አምስት ቍጥሮች በመጀመሪያ ቢልኩለት 10 ባየ ቍጥር 13ን ከራሱ ይጨምራል። አምስት ቍጥር ብቻ ነው፤ ስንት ወረቀት ግን በዚህ ምክንያት ተጥሏል!

ወደ ኪሳችን የሚነካው ትእዛዝ ደግሞ ይኸ ነው፤ 27፥ 38፥ 108፥ 49፥ 83። በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ አትም፥ በረጅሙ ጎን እንዲጠረዝ አድርግ ማለት ነው። አራተኛው ቍጥር በ50 ቢለወጥ ጥራዙ በአጭሩ ጎን ይሆናል፤ በ48 ቢለወጥ ደግሞ ወደ አንድ ገጽ ይመለሳል። የ80 ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ትእዛዝ በ40 ወረቀት ይወጣል። ሌላም አለ። አያሌ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የአሜሪካን ወረቀት እንዲጠብቁ ተደርገው ነው፤ ይኸውም 216 በ279 ሚሊሜትር ነው። እኛ የምንጠቀመው ኤ 4 ግን 210 በ297 ነው። ስለዚህ የመኪናው ሆድ በወረቀት ተሞልቶ ሳለ «ወረቀት አምጡ» ብሎ ይቆማል፤ ሰውም ያስርበዋል እንጂ የሚፈልገውን አያውቅለትም። 27፥ 38፥ 108፥ 50፥ 54፥ 65 ቢባል ወረቀቱ ኤ 4 መሆኑን ይረዳና ያለ ክርክር ይሠራል።

እንግዲህ ትእዛዞቹ እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው፤ ዝርዝሩ በየመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ስላለ በዚህ አንዘገይም። ዋናው ጥያቄ የት ይጨመሩ የሚለው ነው።

አንዳንዱ ሰው ከጽሑፉ ውስጥ ይጨምራቸዋል። ይኸ መጥፎ ልማድ ነው። ጽሑፉ ለአንድ መኪና ብቻ የተጻፈ ይሆናል፤ መኪናው ሲለወጥ ጽሑፉ ይበላሻል። ሌላው ሰው ወደ መኪናው ሄዶ በቁልፎቹ ያስተካክላል። ይኸ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ምን እንደ ተለወጠ አያውቅምና። እኛ የምንደግፈው ሦስተኛውን ነው። ትእዛዙ በወረፋው ላይ፥ ጽሑፉ ከወረፋው ወጥቶ ወደ መኪናው ሊሄድ ሲል ይጨመርለት።

«ሊሄድ ሲል» ያልነውን በብርቱ እንድታስተውሉት እንለምናለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ዛሬ ከኮምፒዩተር የሚወጣ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ፒ ዲ ኤፍ ነው። ወረፋው ይኸንን ተቀብሎ መኪናው ወደሚያውቀው ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ወደ ፒ ሲ ኤል፥ ወይም አዶቤ በ1984 ወዳወጣው ወደ ፖስት ስክሪፕት። ትእዛዙን ከለውጡ በፊት የጨመረ ሰው ለለዋጩ እንጂ ለመኪናው አልተናገረም። ለዋጩም ከፊቱ 27 እና እንግዳ ቍጥሮች ሲያይ ፋይሉን የማላውቀው ዓይነት ነው ብሎ ይመልሰዋል፥ ወይም ትእዛዙን እንደ ተራ ፊደል ያሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ችግሩን በመኪናው ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኵበት ለቀማ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ለውጡ ሁሉ ካለቀ በኋላ፥ ከሽቦው በፊት።

የፖስት ስክሪፕት ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ከላይ የጠቀስናቸው ቍጥሮች የፒ ሲ ኤል ቋንቋ ናቸው፤ ፖስት ስክሪፕት ለሚጠብቅ መኪና ቢነገሩ ስሕተት ብቻ ያወጣል። ለዚህ ሲባል ፒ ጄ ኤል የሚባል ሌላ ቋንቋ ተዘጋጅቷል። እርሱ ለገጹ ሳይሆን ለሥራው በሙሉ የሚናገር ነው፤ እንደ ፖስታ ኤንቨሎፕ ልናስበው እንችላለን። ኤንቨሎፑ የሚከፈተው በዘጠኝ ቍጥሮች ነው፤ 27፥ 37፥ 45፥ 49፥ 50፥ 51፥ 52፥ 53፥ 88። ከዚያ በተራ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ መስመሮች ይከተላሉ፤ በሁለት ገጽ ይታተም፥ ይኸን ያህል ቅጂ ይሁን፥ ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ነው የሚሉ። ከእነዚያ በኋላ ጽሑፉ ራሱ ይመጣል። በመጨረሻም እነዚያው ዘጠኝ ቍጥሮች ይደገማሉ፤ ኤንቨሎፑም ይዘጋል። ለሚሞክሩት አንድ ነገር እናስጠንቅቅ፤ ከዘጠኙ ቍጥሮችና ከመጀመሪያው የፒ ጄ ኤል መስመር መካከል ባዶ ቦታም ሆነ አዲስ መስመር መግባት የለበትም። እያንዳንዱ መስመር ግን በ10 ማለቅ አለበት።

የመዝጊያው ነገር ከመክፈቻው ይበልጣል ብንል አልተጋነነም። ወረፋ የጋራ ንብረት ነው። አንድ ሰው ሠንጠረዡን በወርድ ለማሳተም መኪናውን አዙሮ ሳይመልሰው ቢሄድ፥ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰው የሥራ ማመልከቻው በወርድ ታትሞ ያገኘዋል፤ ምክንያቱንም ሊያውቅ አይችልም። ትእዛዙ በየሰው ጽሑፍ ውስጥ ከሆነ መዝጊያውን ማን እንደ ረሳ መቈጣጠር የሚችል የለም። በወረፋው ላይ ከሆነ ግን ለሁሉም ሥራ መክፈቻና መዝጊያው በአንድ ቦታ ተጽፏል፤ ላኪው ረሳም አልረሳም ይዘጋል። ተማሪው የመኪናውን ጠባይ ይለውጣል ለሚሉት የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው ነው።

ይኸ እንዴት ይሠራል ለሚል፥ በአጭሩ እንናገር። በዊንዶውስ የመለያያ ገጽ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የሚላክ ነው። በዚያ ውስጥ የኤች ምልክትና ባለ ሁለት አሐዝ የአሥራ ስድስትዮሽ ቍጥር በመጻፍ የፈለጉትን ትእዛዝ ለመኪናው መላክ ይቻላል፤ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ድካሙ ግን ከሥራው በፊት ብቻ እንጂ ከሥራው በኋላ አለመላኩ ነው። በሊኑክስና በአፕል ኮምፒዩተር ወረፋውን የሚያስተዳድረው ካፕስ ነው፤ ማይክል ስዊት የሚባል ሰው የጀመረው፥ በ2007 አፕል የገዛው። ካፕስ ጽሑፉን በተከታታይ ማጣሪያዎች ያሳልፈዋል። ማጣሪያ ማለት ከአንድ ወገን ተቀብሎ በሌላው ወገን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ካፕስ ሲጠራው የሥራውን ቍጥር፥ የላኪውን ስም፥ የጽሑፉን ርእስ፥ የቅጂውን ብዛትና አማራጮቹን ይሰጠዋል፤ ስድስተኛ ነገር ካለ የፋይሉ ስም ነው። ማጣሪያው መክፈቻውን ይጽፋል፥ ጽሑፉን እንዳለ ያሳልፋል፥ መዝጊያውን ይጽፋል። ከዐሥር መስመር በላይ አይሆንም፤ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ አቅም በላይም አይደለም። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ አይ ፒ ፒ በሚባለው ስምምነት ሁለቱን ገጽ በግልጽ ቃል ስለሚቀበሉ ይኸ ሁሉ ድካም ላያስፈልጋቸው ይችላል። ነገር ግን አሮጌ መኪና ያለው ሰው ባለው ይሠራል።

አሁን የበለጠ ወደሚመለከተን ነገር እንሻገር። «ጽሑፉን እንዳለ ያሳልፋል» ብለናል። ይኸ ቀላል ይመስላል፤ አማርኛ ለሚያሳትም ሰው ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

የኤፕሰን ባለ መርፌ ማተሚያ አዲስ ፊደል መማር ይችላል፤ 27 እና 38 በሚጀምር ትእዛዝ የፊደሉን ነጥቦች እየነገሩ ማስተማር ነው። ነገር ግን ቦታው ለእንግሊዝኛ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ከ128 አይበልጥም። የእኛ ፊደል 33 በ7 ቢባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቈጠሩም። ስለዚህ ፊደላችን አይገባም። የቀረው መንገድ አማርኛውን እንደ ሥዕል መላክ ነው። ባለ 24 መርፌው መኪና በኢንች 180 ነጥብ ያትማል። የስምንት ኢንች መስመር 1,440 ዐምድ ይሆናል፤ ለያንዳንዱ ዐምድ 24 ነጥብ፥ ማለት ሦስት ባይት ያስፈልጋል። ጠቅላላው 4,320 ባይት ነው፤ ለዚያውም ለአንድ የነጥብ መስመር ብቻ። የእንግሊዝኛው መስመር ግን በ80 ባይት ያልቃል። ትእዛዙ 27፥ 42፥ 39፥ 160፥ 5 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቍጥሮች የዐምዱን ብዛት ይናገራሉ፤ 5 ጊዜ 256 እና 160 ቢደመሩ 1,440 ይሆናሉና።

በነዚያ 4,320 ባይቶች ውስጥ የማይገኝ ቍጥር የለም። 10 ይኖራል፤ 9 ይኖራል፤ 26ም ይኖራል። እዚያ ቦታ ላይ 10 አዲስ መስመር ማለት አይደለም፤ የነጥቦች ሥዕል ነው። ነገር ግን ለመርዳት የሚቸኩል ወረፋ 10 ባየ ጊዜ ከፊቱ 13ን ይጨምርበታል። አንድ ባይት ተጨመረ ማለት ነው። መኪናው ግን 4,320 ቈጥሮ ስለሚያቆም፥ የመጨረሻው ባይት ከሥዕሉ ውጪ ይቀርና እንደ ፊደል ይታተማል፤ ከተጨመረው በኋላ ያለውም ሁሉ በአንድ ባይት ስለሚንሸራተት የላይኛው ነጥብ ከታች፥ የታችኛው ከላይ ይሆናል። «ሰ» የነበረው ፊደል የማንም አገር ፊደል ያልሆነ ነገር ሆኖ ይወጣል። 9ን ደግሞ ወደ ባዶ ቦታዎች የሚለውጥ ወረፋ አለ። 26ን ያየ የጥንቱ ዶስ ቅጂ ትእዛዝ ፋይሉ አልቋል ብሎ ከመካከል ያቆማል፤ ባይነሪ የሚለው ምልክት ካልተጨመረበት በቀር። አማርኛ በዚህ ማሽን አይታተምም ተብሎ ተስፋ የተቈረጠበት ስንት ቦታ፥ ጥፋቱ የዚህች የአንዲት ባይት ብቻ እንደ ነበረ እንገምታለን።

ይኸ አሠራር በደንብ ጭምር ተጽፎ ይገኛል። በ1990 የታተመው ኤል ፒ ዲ የሚባለው የወረፋ ስምምነት ሥራ ሲላክ ዓይነቱ በአንድ ፊደል እንዲገለጽ ያዛል። ኤፍ ከተባለ ወረፋው ከጥቂቶቹ በቀር የትእዛዝ ቍጥሮችን ሁሉ ይጥላል፤ 27ም ከሚጣሉት አንዱ ነው። ኤል ከተባለ ግን ሁሉንም እንዳሉ ያሳልፋል። በኤፍና በኤል መካከል ያለው ልዩነት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ መታተሙንና አለመታተሙን ሊወስን ይችላል ማለት ነው።

ጊዜው ተለውጧል የሚል ካለ፥ በከፊል እውነት ነው። ፊደላችን በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ፊደሉን ወደ ሥዕል የመለወጡን ሥራ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል። ነገር ግን አንድ ሰው የአማርኛ ጽሑፉን ሳይለወጥ በቀጥታ ወደ መኪናው ቢልከው ምን እንደሚሆን እንመልከት። «ሀ» በዩ ቲ ኤፍ 8 ሦስት ባይት ናት፤ 225፥ 136፥ 128። አንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ከ128 እስከ 159 ያሉትን ቍጥሮች እንደ ትእዛዝ ይቈጥሯቸዋል፤ 136ም የ8 ሌላ ስሙ ነው፥ «አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተመለስ» ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ፊደላችንን ስንልክለት አንድ እንግዳ ምልክት ያትምና ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመጣውን በላዩ ላይ ይደርብበታል። እንዲህ ያለውን ወረቀት አይተን የሣቅነው ጥቂት አይደለንም።

አሁን ስለ ፈተናው ምሥጢር። መምህራኑ የሚፈሩት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ትእዛዝ የሚቀበል መኪና ከማንም ይቀበላል። በ2017 በጀርመን የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚሁ በፒ ጄ ኤልና በፖስት ስክሪፕት ትእዛዞች ብቻ የብዙ ማተሚያዎችን ምሥጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2018 አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ በር ቍጥር 9100 ክፍት ወደ ነበረ ብዙ ሺህ ማተሚያ የቀልድ ወረቀት ላከ፤ በሩ ያለ ጥያቄ የሚቀበል ነውና ሁሉም አተሙ። የፒ ጄ ኤል የይለፍ ቍጥር ከ65,535 አይበልጥም፤ ኮምፒዩተር ይኸንን አንድ በአንድ ሞክሮ መጨረስ ይችላል። በ2024ም በካፕስ ዙሪያ የታወቀ ከባድ ቀዳዳ ነበር፤ አጥቂው ራሱን እንደ አዲስ ማተሚያ ያስተዋውቃል፥ በማተሚያው መግለጫ ውስጥም የማጣሪያ ትእዛዝ ይደብቃል፤ ሰው በዚያ ላይ ሲያሳትም የተደበቀው ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ ይፈጸማል። ልብ በሉ፤ ቀዳዳው የተገኘው እኛ ዛሬ በምናመሰግነው ቦታ ላይ ነው፥ ትእዛዝ በሚጨመርበት በማጣሪያው ላይ። ይኸንን መደበቅ ተገቢ ስላልሆነ ነግረናችኋል።

ታዲያ መድኃኒቱ ሁሉን በጸሐፊው እጅና በፍላሽ ማድረግ ነው? ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፥ በሻይ ቤት የሚረሳ ነገር ነው፤ ቫይረስም ይዞ ይገባል። ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ወደ መኪናው የሚሄደውም ጽሑፍ በዚያው በወረፋ ውስጥ ያልፋል። ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። ካፕስ ሥራው ታትሞ ካለቀ በኋላም ፋይሉን ለአንድ ቀን ያህል እንዲያስቀምጥ ተደርጎ የሚመጣ ነው፤ ለመድገም እንዲመች። ፈተናው ታትሞ፥ ታሽጎ፥ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎበት ሳለ ቅጂው በዲስኩ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ይኸንን አንድ መስመር በመለወጥ ማስቀረት ይቻላል፤ ተማሪውን ከወረፋው በማባረር ግን አይቀርም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። መኪናው በር ቍጥር 9100ን ከወረፋው ኮምፒዩተር በቀር ለማንም አይክፈት። ማጣሪያዎቹን የሚጽፈውና የሚያስገባው ኃላፊነት ያለበት ሰው ብቻ ይሁን፤ የተማሪው ድርሻ መምረጥ እንጂ ትእዛዝ መጻፍ አይሁን። ለተማሪዎች የተለየ ወረፋ ይከፈት፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሳይጠየቅ በሁለት ገጽና በኤ 4 ይታተም፤ አንድ ገጽ የሚፈልግ ይጠይቅ። ለመምህራን ሌላ ወረፋ ይኑር፤ በኤንቨሎፑ ላይ «ባለቤቱ መጥቶ አራት አሐዝ እስኪያስገባ ድረስ ያዘው» የሚለው የፒ ጄ ኤል ትእዛዝ ይጨመርበት፤ ይኸንን የሚችሉ መኪናዎች ብዙ ናቸው። ፋይሉም ታትሞ እንዳለቀ ይጥፋ። ሁለት ወረፋ፥ ሁለት ማጣሪያ፤ ወጪው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ያለ ክፍያ ለመሥራት የተዘጋጁ አሉ፤ መምህራኑ ሥራውን እንዲመረምሩልን ብቻ እንጠይቃለን።

ሦስተኛም ወረፋ እንለምናለን፤ ይኸ ለዚህ ለያዛችሁት ጋዜጣ ነው። ስቴንስሉን የሚበሳው አሮጌው ባለ መርፌ ማተሚያ ነው፤ ሪባኑ ወጥቶ መርፌዎቹ በቀጥታ ሰሙን ይመቱታል። አንድ ጊዜ የተመታ ፊደል በደንብ ስለማይበሳ ሁለት ጊዜ መመታት አለበት፤ ለዚህም 27 እና 71 ይላካል። ሲያልቅ 27 እና 72 ያቆመዋል። ይኸ ትእዛዝ ግን የሚሠራው ለመኪናው በራሱ ፊደል ለተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ አማርኛው ሥዕል ስለ ሆነ ማጣሪያው እያንዳንዱን የነጥብ መስመር ሠረገላውን በ13 እየመለሰ ሁለት ጊዜ መላክ ይኖርበታል። ባለፉት እትሞች አንዳንድ «ቀ» እና «ተ» ደብዝዘው የመጡት ይኸ ስላልተደረገ ነው። ማጣሪያው ተጽፏል፤ ዛሬ ከንግግሩ በኋላ በማኅበሩ ክፍል በአንድ ባዶ ስቴንስል ላይ ስለምንሞክረው ማየት የሚፈልግ ሁሉ መምጣት ይችላል። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ አሁን ጠይቁን።